የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ

ርእሰ አንቀጽ

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲከበር በየአደባባዩና በየትምህርት ቤቱ የየአገሩን ልብስ ለብሶ መጨፈር የታወቀ ሥርዓት ሆኗል። ከበሮው ይመታል፤ ፎቶግራፉ ይነሣል፤ ንግግሩም ይደረጋል። በማግሥቱ ልብሱ ታጥፎ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ተማሪውም ወደ ደብተሩ ይመለሳል። እኛ ጭፈራውን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ሰው የወንድሙን ዘፈን ቢወድ ደስ የሚያሰኝ እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልብሳቸውን ለአንድ ቀን የተዋስናቸው ሕዝቦች በቀሩት ቀኖች እንዴት ይኖራሉ? የሚያርሱት፥ ከብት የሚያሰማሩበት፥ ሙታናቸውንም የቀበሩበት መሬት በእጃቸው ነውን? ስለዚያ መሬት ሲመከርስ ተጠርተው ያውቃሉን?

ይህን የምንጠይቅበት ምክንያት አለን። ስለ ነባር ሕዝቦች በሚነገረው ነገር ሁሉ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ሕዝቡ ወደ ኋላ የቀረ ነውና መንገድና ፋብሪካ ይድረሰው፤ ልማዱን ጊዜ ይሽረዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ሕዝብ የዓለም ቅርስ ነውና ማንም አይንካው፤ እንዳለ ይቀመጥ» ይላል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ባላጋራ ይመስላሉ። ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ባለቤቱን አልጠየቁትም። የመጀመሪያው ሕዝቡን እንደ ሕፃን ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛው እንደ ሙዚየም ዕቃ ይቆጥረዋል።

የእኛ አሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው። ባህል ማለት ልብስና ዘፈን ብቻ አይደለም። ባህል ማለት ከሁሉ አስቀድሞ መሬቱና ውኃው፥ ግጦሹና ዱሩ እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴት እንደሚከፈል፥ የተጣላ እንዴት እንደሚታረቅ፥ የተራበ በማን ደጅ እንደሚያድር የሚወስን የኑሮ ሕግ ነው። ዘፈኑና ጌጡ የዚህ ሕግ አበባ ነው፤ ሥሩ ግን ያለው መሬት ውስጥ ነው። እንግዲህ ለሕዝብ የሚደረግ ድጋፍ ሁሉ ከሥሩ መጀመር አለበት። ሥሩን ቆርጦ አበባውን ውኃ ላጠጣ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

«ነባር» የሚለው ቃል ራሱ አከራካሪ መሆኑን እናውቃለን። በአገራችን ነባር ያልሆነ ማን አለ? የሰሜኑም የደቡቡም፥ የደጋውም የቆላውም ሰው «አባቶቼ እዚሁ ነበሩ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ነባር» የምንላቸው ኑሯቸው በአንድ በተለየ መሬትና በአባቶቻቸው ሕግ ላይ የቆመውን፥ ከመንግሥት መቀመጫና ከገበያ የራቁትን፥ ስለዚህም የሌላው ሰው ዕቅድ በቀላሉ የሚያፈናቅላቸውን ሕዝቦች ነው። ከብት አርቢው አፋርና ከረዩ፥ በኦሞ ዳር ያሉት ሙርሲ፥ ቦዲ፥ ክዌጉ፥ ካራ፥ ኛንጋቶምና ዳሰነች ከነዚህ ይቆጠራሉ።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹ የአዋሽ ሸለቆ ለልማት ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። በመተሐራ የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራ አገዳ ሲተክል፥ በተንዳሆ ደግሞ የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ተከለ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። አገዳውም ጥጡም ፓርኩም በካርታ ላይ ሲታዩ መልካም ነበሩ። ነገር ግን ካርታውን የሳሉት ሰዎች «ባዶ» ብለው የጻፉት የወንዝ ዳር ሜዳ ባዶ አልነበረም። አፋርና ከረዩ በክረምት ከብታቸውን ወደ ሩቅ ሜዳ ያሰማሩና በጋ ሲገባ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሱ ነበር። ያ ሜዳ የበጋ ስንቃቸው ነበር። ስንቁ ተወሰደ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበት የወንዝ ዳር ሣር አልነበረምና ከብቱ አለቀ፤ ከከብቱም በኋላ ሰው አለቀ። ዝናብ መቅረቱ የሰማይ ሥራ ነው፤ የበጋውን ግጦሽ ማጣት ግን የሰው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ ማንሣት ይገባናል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ መጓዛቸው የሚያኮራ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስለ መሬት የተነገረው ሁሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን ቃሉን ደግመን እናንብበው። «ለአራሹ» ነው የሚለው። ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው አርቢ በዚያ መፈክር ውስጥ የት አለ? የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ስለ ከብት አርቢዎች፥ ማለት በዚያን ጊዜ አነጋገር ስለ «ዘላኖች»፥ የተለየ ክፍል ነበረው። በአንድ በኩል በልማድ ሲጠቀሙበት በቆዩት ግጦሽ የመጠቀም መብት ሰጣቸው፤ በሌላ በኩል ደግሞ እነርሱን ለእርሻ ማስፈር የመንግሥት ኃላፊነት እንዲሆን ደነገገ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ማለት ይህ ነው። አርቢው መብቱ የሚጸናለት አርቢነቱን እስኪተው ድረስ ብቻ ሆነ።

በዚያው ዓመት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወረዱ። ብዙዎቹ ለገበሬው ፊደል አስቆጥረዋል፤ ማኅበር አደራጅተዋል፤ ስለ ጭሰኛው መብትም መከራ ተቀብለዋል። ነገር ግን በደቡብ እንደ ማሌ ባሉ አገሮች ዘማቾቹ የባላባቱን ጭቆና ሲያፈርሱ የሕዝቡን የሥርዓት መሪዎች ጭምር የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው አዋርደዋል። ለነፃነቱ የመጡለት ሕዝብ የራሱን ሥርዓት ለማስረዳት ዕድል አላገኘም። ይህን የምናነሣው የቀደሙንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእነርሱ የበለጠ ልበ ንጹሕ ነን ለማለትም አይደለም። ልበ ንጹሕነት ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ኦሞ እንውረድ። ሙርሲዎች በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 7,500 ያህል ነበሩ። አኗኗራቸው ለሚያጠናው ሰው እንደ ሦስት ጉልቻ ነው። አንደኛው ጉልቻ የወንዝ ዳር እርሻ ነው፤ ክረምት አልፎ ኦሞ ሲጎድል ጎርፉ ትቶት በሄደው ለም ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ሁለተኛው በበልግ ዝናብ የሚዘራው ማሳ ነው። ሦስተኛው ከብቱ ነው። ዝናቡ ቢቀር ወንዙ አለ፤ ሁለቱም ቢጎድሉ ከብት ይሸጣል ወይም በዘመድ አዝማድ በኩል እህል ይገኛል። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አያኖርም፤ አንዱም ከተነሣ ድስቱ ይገለበጣል። የወንዝ ዳሩ ማሳ በማን እጅ እንደሆነ፥ ለማን እንደሚካፈል፥ በጋብቻና በወዳጅነት ለማን እንደሚተላለፍ እያንዳንዱ ያውቃል። በወረቀት አልተጻፈም እንጂ ሕግ ነው።

የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሥራ በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። ግድቡ ስለ አካባቢው ኑሮ የሚያመጣውን ነገር የሚመረምረው ጥናት የጸደቀው ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኦሞ ዳር ታላቅ የመስኖ ልማት እንደሚጀመር ተናገሩ። ከዚያም ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት በሸንኮራ አገዳ ለመሸፈን የታቀደው የኦሞ ኩራዝ የስኳር ፕሮጀክት ተከተለ። በ2007 ዓ.ም. ግድቡ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ስለ ወንዝ ዳር እርሻው ሲጠየቅ በየዓመቱ ታስቦበት ጎርፍ ይለቀቃል የሚል ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ግድቡ ውኃ ከያዘ ወዲህ የወንዝ ዳሩ እርሻ እንደ ዱሮው ሊቀጥል አልቻለም። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ተነሣ። በግጦሹ ላይም አገዳ ስለገባ ሌላው ጉልቻ ተነቃነቀ። ራሱን ይመግብ የነበረ ሕዝብ የርዳታ እህል ጠባቂ ወደ መሆን አዘነበለ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ በቀና ልብ መስማት አለብን። «አገሪቱ መብራት ትሻለች፤ ስኳር ትሻለች፤ እናንተ ተማሪዎችስ የምታነቡት በማን መብራት ነው?» ቢባል መልሳችን «እውነት ነው» የሚል ነው። የምናነብበት መብራት ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ወንዞች የሚመጣ ነው። ግድብ አይሠራ፥ ፋብሪካ አይተከል የሚል ቃል ከዚህ ማኅበር አልወጣም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያ በጂንካ ንግግራቸው አርብቶ አደሩ የጎብኚ መታያ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልጉትን ሰዎች ነቅፈው ነበር። በዚህ ነቀፋ እኛም እንስማማለን፤ ማንም ሕዝብ የሌላው ሰው መታያ ሆኖ እንዲኖር አልተፈጠረም። ነገር ግን ከሙዚየም ዕቃነት የሚያወጣው አሳብን ጠይቆ በምክር ማሳተፍ ነው እንጂ ሳይጠይቁ ከሙዚየም ወደ አገዳ ማሳ ማዛወር አይደለም። መብራቱ ለሁላችን ከሆነ ዋጋውም በሁላችን ላይ ሊደለደል ይገባዋል። መብራቱን ከተማ ሲያገኘው ዋጋውን 7,500 ሰው ብቻ የሚከፍልበት ስሌት የልማት ስሌት ሊባል አይችልም።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው በምድሩ ውስጥ በተገኘው የጥንት ሰው ቅሪት ምክንያት ነው። በኪቢሽ የተገኘው የራስ ቅል ዕድሜው ከ200,000 ዓመት በላይ እንደሆነ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ለዚህ አጥንት አገራችን የምትሰጠው ክብር ተገቢ ነው። ታዲያ ለአጥንቱ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፥ አጥንቱ በተገኘበት ምድር ላይ ዛሬ በሕይወት ቆሞ ለሚሄደው ሰው የምንጠነቀቀው መቼ ነው? ጎብኚው ከጂንካ ማለዳ ይነሣል፤ ከንፈሯን በሸክላ ያስጌጠችውን የሙርሲ ሴት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ጥቂት ብር ይከፍልና ከቀትር በፊት ይመለሳል። እርስዋ ግን ማሳዋ የት እንደሄደ የሚጠይቃት የለም። መልኳ ዓለምን ዞሯል፤ ቃልዋ ግን ከመንደሯ አልወጣም።

እንግዲህ ባለቤቱ የተጠየቀበትና የራሱ ሥርዓት የተከበረበት ቦታ ምን ይመስላል? ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

ኮንሶን እንመልከት። ደረቅና ድንጋያማ ተራራ ላይ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ፥ ማለት 21 ትውልድ ያህል፥ ድንጋይ እየካበ እርከን ሠርቷል። የእርከኑ ግድግዳ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩ እንዳይታጠብ፥ ውኃውም እንዳያመልጥ የሚያደርግ የምህንድስና ሥራ ነው። እርከኑን የሚጠግነው በየመንደሩ ያለው የሥራ ኅብረት ነው፤ ሥራውን የሚያዝዙትም የየጎሣውና የየትውልዱ መሪዎች ናቸው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮንሶን ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን የሚያስክበውን ሥርዓት ጭምር ነው። ለሙታን ጀግኖች መታሰቢያ የሚቆመው ዋካ የተባለው የእንጨት ሐውልት ግን በየጊዜው እየተሰረቀ ለነጋዴ ሲሸጥ ኖሯል። ሌባው ዋካውን እንደ ጥሩ ጌጥ ያየዋል፤ ለኮንሶው ግን አባቱ ነው። አበባውን ከሥሩ ለይቶ የመውሰድ ነገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

በጌዴኦ ደግሞ ገበሬው ትልልቅ ዛፍ፥ ከሥሩ እንሰት፥ ከእንሰቱ መካከል ቡና እያደረገ ቁልቁለቱን ሳያራቁት ብዙ ሕዝብ በጥቂት መሬት ላይ አኑሯል። ይህም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቦረና በጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ዘንድ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራው በሥርዓት የተደነገገ ነው፤ ያንን ሥርዓት የሚያቅፈው የገዳ ሥርዓትም በኅዳር 2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከደጋውም አንድ ምሳሌ እንጨምር፤ ይህ ነገር የቆላ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል እንዳይኖር። በመንዝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የጓሳ ሣር ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለቃ እየመረጠ ሲጠብቀው ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በምክር ይከፈታል፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ቤቱ የሚከደነው፥ ገመዱም የሚገመደው በዚያ ሣር ነው። በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ ጋር ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳው የሁሉም ሲባል የማንም ሆነ፥ መጎዳትም ጀመረ። ሕዝቡ ግን ኋላ እንደገና መክሮ፥ ለአዲሱ ዘመን የሚስማማ ሕገ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በሰላም ይኖሩበታል። መንዜው ወደ ዱሮው አልተመለሰም፤ ዱሮውን ተጠቅሞ ወደ ፊት ሄደ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

«ጎጂ ልማድስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ መሸሽም አይገባንም። በኦሞ ዳር በካራና በጎረቤቶቹ ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ነበር፤ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃንና እርሱን የመሰሉት እርግማን ያመጣሉ ተብለው እንዲሞቱ ይደረግ ነበር። ይህን ባህል ነው ብለን ልንከላከልለት አንችልም፤ ሕፃን የሚገደልበት ነገር ምንም ቢባል ግፍ ነው። ነገር ግን በካራ ይህ ልማድ እንዴት ቀረ? ፊደል የቆጠሩ የካራ ልጆች ወደ ሽማግሌዎቻቸው ተመልሰው በራሳቸው ቋንቋ ስለ ተከራከሩ ነው። ሕፃናቱን እየሰበሰቡ አሳደጉ፤ ሽማግሌዎቹም መክረው በ2004 ዓ.ም. ልማዱን መተዋቸውን በይፋ አስታወቁ። ከዚህ የምንማረው ባህል የማይለወጥ ድንጋይ አለመሆኑን ነው። ይለወጣል፤ ለውጡ ጸንቶ የሚቆየው ግን ሽማግሌው ራሱ «ይብቃ» ሲል ነው። የሽማግሌውን ጉባኤ ያፈረሰ ሰው «ይብቃ» የሚለውንም አፍ አብሮ አፍርሷል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝብ እርሱን በሚነካ የልማት ፕሮጀክት ላይ አሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ነባር ሕዝቦች መብት ያወጣው መግለጫ የጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን በማግሥቱ መሆኑ ነው። በድምፅ አሰጣጡ ላይ 144 አገሮች ሲደግፉ አራት ተቃወሙ፤ የአገራችን መልእክተኛ ግን በስፍራው አልነበረም። መግለጫው ሕዝብ ከመሬቱ የሚነሣው አስቀድሞ ተነግሮት፥ ነገሩን አውቆና በነፃ ፈቅዶ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ይህ የአውሮፓ ሰዎች ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይመልከት። ለዱር አራዊት መጠበቂያ ተብለው ከቦጎርያ ሐይቅ ዳር የተነሡት የኤንዶሮይስ ሕዝቦች ጉዳያቸውን ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን አቅርበው በ2002 ዓ.ም. ተፈርዶላቸዋል። ኮሚሽኑ ሕዝብ ያልተማከረበት ልማት የልማት መብትን ራሱን የሚጥስ መሆኑን አረጋገጠ። ኢትዮጵያም የዚያው ቻርተር አባል ናት። ስለዚህ የጎደለን ሕግ አይደለም። የጎደለን ሕጉን ይዞ ከሕዝቡ ዋርካ ሥር የሚቀመጥ ሰው ነው።

ክቡራን መምህራንና ወድ ጓደኞቻችን! እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ግቢያችን ይገባል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ካርታ የሚስለው፥ ጥናት የሚያጸድቀው፥ «ባዶ መሬት» ብሎ የሚጽፈው ከእኛ መካከል የሚወጣ ሰው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚወጣ ባለ ሥልጣን እንዳይሆን ከአሁኑ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በትምህርታችን። የእርሻ ተማሪ የኮንሶን እርከንና የጌዴኦን የዛፍ እርሻ እንደ ጉብኝት ወሬ ሳይሆን እንደ ትምህርት ይማረው። የሕግ ተማሪ የሽማግሌ ዳኝነትን ያጥና። የምህንድስና ተማሪ ግድብ ሲሥል ከግድቡ በታች ያለውን የማሽላ ማሳም አብሮ ይሣል። መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህንን በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገቡልን ነው።

ሁለተኛ፥ በምርምራችን። ስለ ኦሞ ሕዝቦች ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ አብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ የሚገኘውም በሩቅ አገር ነው። ከእኛም መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ መንደር ወርዶ ሽማግሌውን ሙሉ ቀን የሚጠይቅ፥ ከተመረቀ በኋላ ግን የማይመለስ ብዙ ነው። ከእንግዲህ ማንም ተማሪ ጥናቱን ሲጨርስ ያገኘውን ነገር ወደ ተናገሩት ሰዎች ተመልሶ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያነብላቸው፥ ስሕተት ቢኖርም እንዲያርሙት እንዲደረግ እንጠይቃለን። የቋንቋ ክፍል ተማሪዎችም የሚቸኩል ሥራ አለባቸው። በወይጦ ወንዝ ዳር የኦንጎታን ቋንቋ የሚናገሩት ዛሬ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ልጆቻቸው የጎረቤቶቻቸውን የጸማይን ቋንቋ ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የእያንዳንዱ ዕፅና የእያንዳንዱ አውሬ ስም አብሮአቸው ይቀበራል።

ሦስተኛ፥ በአገልግሎታችን። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር። ዛሬ ያ ግዴታ የለም፤ የክረምቱ ዕረፍት ግን አለ። በክረምት በጎ ፈቃድ የሚወርድ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት አፉን ዘግቶ ጆሮውን ከፍቶ ያሳልፍ። ለማስተማር የሚቸኩል ሰው ሳይማር ይመለሳል።

አራተኛ፥ በመኝታ ክፍላችን። ከኦሞ፥ ከአፋር፥ ከጋምቤላ፥ ከቤኒሻንጉል የመጡ ጓደኞች አሉን። አንዳንዱ ተማሪ እነዚህን ጓደኞቹን «እስቲ የአገርህን ጭፈራ አሳየን» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም። በአነጋገራቸው የሚስቅም አይጠፋም። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ለሳቂው እንጂ ለተሳቀበት አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ነገ በኦሞ ዳር የሚነቀነቀው አጥር ዛሬ በመኝታ ክፍላችን በንቀት ይጀምራል። ንቀቱ ከዚህ ግቢ ከወጣ ጋር ወደ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ካርታ ይገባል።

የማኅበራችን አቋም በአጭሩ ይህ ነው። ለነባር ሕዝቦች ትምህርት ቤት ይሠራ፤ ጤና ጣቢያ ይቋቋም፤ የእንስሳት ሐኪም ይላክ፤ መንገድም ይጠረግ። ይህን የሚቃወም ሕዝብ በየትኛውም መንደር የለም፤ እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምነው እርሱ ነው። ነገር ግን መሬቱን የሚነካ ዕቅድ ሁሉ መሐንዲሱ ካስማ ከመትከሉ በፊት ለሕዝቡ በራሱ ጉባኤ፥ በራሱ ቋንቋ ይቅረብለት፤ የሚመክርበት በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ «እሺ» ሲል ብቻ ሳይሆን «እምቢ» ሲልም ይሰማ። «እምቢ» የማለት መብት የሌለው ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይባልም።

የየክፍሉ የተማሪ ተጠሪዎች ከላይ በዘረዘርናቸው አራት ነገሮች ላይ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር መክረው አሳባቸውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን። የመምህራንንም ምክር በታላቅ አክብሮት እንጠባበቃለን። በሚመጣው ኅዳር 29 ቀን ከበሮው ከመመታቱ በፊት አንድ ሰዓት ለውይይት እንዲሰጥና በዚያ ሰዓት ከቆላው የመጡት ጓደኞቻችን ስለ መሬታቸው እንዲናገሩ፥ እኛም ቁጭ ብለን እንድንሰማ ማኅበሩ ይጠይቃል። ጭፈራው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የለበስነው ልብስ የማን እንደሆነ እናውቃለን።